ፀሐይዋን የሚያይልን ሰው

አዳማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ኃይለየሱስ
ሻርጃ

ጋሼ፣ ባሉበት ሁሉ ጤናዎ ይብዛልን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከአዳማ ነፋስና አቧራ በቀር የሚከፋን የለም። እማዬ «ወንድም ጋሼን አገላብጬ ስሜዋለሁ በይልኝ» ብላለች። ልጅዎ ቢኒያምም ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ባይልም፣ ለእርስዎ እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰማ የክፍሉን በር ከፍቶ ተቀምጧል። ስልኩን እያየ ያለ ያስመስላል እንጂ ጆሮው እዚህ ነው።

በስልክ ያልነገርኩዎ እቤታችን ስልክ ሲደወል ድምፁ ለሁሉም ስለሚከፈት ነው። ይኼንን የያዘልኝ ደሊል ነው፤ የሞጆው ዕቃ አመላላሽ። ዱባይና ሻርጃ ሲመላለስ መልሱንም በእሱ እጅ ይላኩልኝ።

እንደሚያውቁት ሐምሌ ላይ በፊዚክስ ተመርቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ሁሉም «እንደውልልሻለን» ይላል፤ የደወለ ግን የለም። ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ሥራ አግኝቻለሁ፤ ማለቴ ራሴ ፈጥሬዋለሁ።

ባለፈው ከሞጆ እስከ ባቱ ወርጄ ነበር። የስምጥ ሸለቆውን ፀሐይ ረስተውት እንደሆነ፣ ቆቃ ላይ ውሃው መስታወት ሆኖ ዓሣ አጥማጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው መረብ የሚስበው። ከመቂ ወዲያ የቲማቲሙና የአበባው እርሻ ፕላስቲክ ከሩቅ ሲያዩት የጨው ሜዳ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ የተሰለፉት ሾፌሮች ደግሞ ከጅቡቲ በረሃ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ነው የሚገቡት። ይኼ ሁሉ ሕዝብ መነጽር ይፈልጋል። ገበያው ላይ ያለው ግን ለሠርግ ፎቶ የሚሆን ነው፤ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ዳር ዳሩ ብልጭልጭ።

እዚህ ሰው መነጽር እንዴት እንደሚመርጥ ልንገርዎ። ያጠልቀውና አንገቱን ቀና አድርጎ ቀጥ ብሎ ፀሐይዋን ያያል። ዓይኑን ከጨፈነ «ይኼማ ነጠላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ካልጨፈነ ይገዛል። ሌላ ጥያቄ የለውም። ስለዚህ ከጥቁርም ጥቁር ያስፈልገኛል።

እኔ የተማርኩት ደግሞ ሌላ ነው። የዓይን ብሌን በጨለማ ይሰፋል። መነጽሩ ጠቁሮ የማይታየውን ጨረር ካልከለከለ፣ ዓይን በሩን በርግዶ ሌባ የሚጠብቅ ቤት ይሆናል። እንግዲህ ጥቁርም ይሁን፣ አልትራቫዮሌቱንም ይከልክል። እርስዎ የመነጽር መጋዘን ውስጥ እየሠሩ ሌላ መራጭ አልፈልግም።

ቢኒያም አብሮኝ ሊሠራ ተስማምቷል። ኮሌጁን ከተወ ወዲህ እንዲህ በደስታ ሲነሳ አላየሁትም። ይኼን የምጽፈው እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እድሜና ጤና ያድልልን።
ቢሊሴ

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለቢሊሴ

የአባቶቻችን አምላክ በመግባት በመውጣትሽ ይከተልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከመጋዘኑ ደረጃ ጋር ተጣልቷል። እህቴን ዘውድነሽን እግዜር ያክብርልኝ፤ የእሷን ልጅ አስመርቃ፣ የእኔን ደግሞ ቀልባ የምታኖር እሷ ነች። የምርቃትሽን ፎቶ አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ከዘራችን አንድ ሰው ጥቁር ካባ መልበሱ አይቀርም ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩት ከማን እንደምጠብቅ ላይ ነው።

ወደ መነጽሩ ልምጣ። ጥቁረት ደረጃ አለው። ከዜሮ ይጀምርና አራት ላይ ያበቃል። ዜሮው ለመልክ ነው። ሁለትና ሦስቱ ለከተማ ፀሐይና ለሾፌር ይሆናሉ። አራተኛው ለበረዶ ተራራ፣ ለበረሃና ለባሕር የተሠራ ነው፤ እሱን አድርጎ መኪና መንዳት ክልክል ነው። ያንቺ ገዢዎች ግን ፀሐይ ካላሳየኝ እያሉ ስለሆነ አራተኛውን ልኬልሻለሁ።

አራተኛውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨረሩን የሚከለክል ነው። ሌላው ፕላስቲኩ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው፤ ይጠቁራል እንጂ ምንም አይከለክልም። ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው፤ ለዓይን አንድ ናቸው፤ በዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመረጥኩልሽ የተነከረውን ነው። እንዲያውም ይበልጥ የሚጠቁረው እሱ ነው። ፊዚክሱን አንቺ ተማርሽው እንጂ ገዢው አልተማረውም። ዩቪ ይከላከላል የሚለው ስቲከርም አያሳስብሽ፤ በጥቅል ነው የሚመጣው፤ ቁጭ ብዬ በእጄ ለጥፌበታለሁ።

ያንን ልጅ ፊት ለፊት አቁሚው። መልኩን ከእናቱ ወርሷል፤ ነፍሷን ይማር። ከእኔ የወረሰው ነገር ካለ እስካሁን አልታየኝም። ዕቃ አታስይዢው፣ ሒሳብም አታስነኪው። ይቁም ብቻ። ለመቆም ዲፕሎማ አይጠየቅም።

የሰማይ ጠባቂሽ አይለይሽ።
አጎትሽ ኃይለየሱስ

*

አዳማ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጋሼ፣ እንኳን ለልደቱ በዓል አደረሰዎ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይዳብስልን። እማዬ ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባት አዘጋጅታ ለደሊል ሰጥታዋለች።

ስቲከሩን አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከነከነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ካርቶኑን ሳልከፍት አሳደርኩት። በማግስቱ ሞጆ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ለመከንከን ጊዜ አላገኘሁም።

ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ደረቅ ወደቡ ማዶ፣ ሾፌሮች ተራ እስኪደርሳቸው ሻይ የሚጠጡበት ዛፍ አለ። እዚያ ዘረጋን። ማንም ዘወር ብሎ አላየንም። በመጨረሻ ኦቦ ጫምሳ የሚባል ቦርጫም ሾፌር መጣ፤ ሁሉም የሚፈራው ተረበኛ ነው።

«እንዴት ነው፣ ይኼ ነገር ያያል?» አለ፣ መነጽሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«አያይም፤ የሚያየው ያደረገው ሰው ነው» አለው ቢኒያም።

«አንተስ አይተህበታል?»

«እኔማ ለፀሐይዋ ሽማግሌ ልኬላታለሁ።»

«እንግዲያው እጮኛህን እያት፣ ልይህ። ከጨፈንክ ግን ጠረጴዛህን ነው የምገለብጠው።»

ቢኒያም መነጽሩን አጠለቀ። ቀትር ነበር። አገጩን ወደ ፀሐይዋ ቀና አደረገና እጁን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ሚኒባስ ረዳት መጥራት ጀመረ። «ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ ያለህ ግባ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሱ። ቡልቡላ ላይ ሲደርስ አንዱ ከኋላ «ወራጅ አለ» አለ። «እስከ ሻሸመኔ ወራጅ የለም» አለው ቢኒያም፣ ፊቱን ሳያዞር። አርሲ ነገሌን ጠርቶ፣ ሻሸመኔ ሲገባ «መዳረሻ» ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ያለቅስ ነበር። «ሳቅ ነው» አለ። ኦቦ ጫምሳ ጠረጴዛውን አልገለበጠም፤ ለራሱም ለረዳቱም ገዛ። የቀሩትም ተከትለው ገዙ።

ጋሼ፣ ካርቶኑ አልቋል። አሁን የምንሄድበት ሁሉ «የሻሸመኔው ልጅ መጣ» ይሉታል። ቆቃ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ፣ መቂ ላይ የሽንኩርት ጫኞቹ እሱን ካላዩ አይገዙም። አንዱ ቡድን ሄዶ ሌላው ሲመጣ ደግሞ ከሞጆ ይጀምራል። ሥራው ይኼ ነው፤ እኔ እሸጣለሁ፣ እሱ ያያል።

ሌላ ካርቶን ይላኩልን። አንድ ልመናም አለኝ። ለቢኒያም ሁለት መስመር ይጻፉለት። ሌላው ሁሉ ሲያጨበጭብለት ዓይኑ የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አብሬው ስላደግሁ አውቃለሁ።

ቢሊሴ

*

ሻርጃ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቢሊሴ

እመ አምላክ በጥላዋ ትሰውርሽ። የዘገየሁት ደሊል ወደዚህ ስላልመጣ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቅባቱ ደርሶኛል፤ ይሸታል እንጂ ይረዳል።

ደብዳቤሽን መጋዘኑ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አለቃችን ሕንዳዊ ነው፤ ሲተረጉሙለት እሱም ሳቀ። «ያንተ ልጅ ነው?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ ጫማዬን ሳስር ነበር የምገኘው። አሁን «አዎ የእኔ ነው» አልኩ።

ጻፍለት ያልሽኝ ይኸው፤ አንብቢለት። «ቢኒያም፣ ሰው ከተነሳ አይቀር ሻሸመኔ ላይ አይወርድም። ሻሸመኔ እኮ ሁሉም ይሄዳል። ሞያሌ ድረስ ሂድ። አባትህ።» ካርቶኑም ተልኳል።

አሁን የምጽፈው ላንቺ ብቻ ነው። ለመጋዘኑ ጭነት መኪና ሾፌር ይፈለጋል። አለቃው ከዚያ ሳቅ በኋላ «ለምን ልጅህን አናመጣውም» ብሎኛል። መንጃ ፈቃድ እንዳለው ነግሬዋለሁ። ቪዛው ተጀምሯል። ከእናንተ የሚፈለገው የጤና ወረቀትና የዓይን ምርመራ ብቻ ነው፤ ሾፌር ስለሆነ ዓይኑን አጥብቀው ያያሉ። ጉዳዩ እስኪያልቅ አትንገሪው፤ ተስፋ ሲሰጡት ሥራ የሚተው ልጅ ነው።

ጌታ ካንቺ ጋር።
ኃይለየሱስ

*

አዳማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጋሼ፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰዎ። እማዬ ደህና ነች። ጻፉልኝ ያልኩዎትን ስለጻፉ እግርዎን ስሜ አመሰግናለሁ ብል አይበዛም።

ደብዳቤውን ላነብለት ስል ከእጄ ቀማኝ። ራሱ ሊያነበው ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጎን ያዘው፣ አራቀው፣ አቀረበው፣ መልሶ ሰጠኝ። «የአባቴ እጅ ጽሑፍ ድሮም የዶሮ ነው፤ አንቺ አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት። የመጋዘኑ ሰዎች እንደሳቁ የሚለው ላይ ስደርስ «እሱስ? እሱ ስቋል?» አለኝ። ስቋል አልኩት።

በማግስቱ ሞጆ ላይ ሻሸመኔን አልፎ ሄደ። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ። ሾፌሮቹ እንኳ መሳቅ አቆሙ። ኦቦ ጫምሳ «አንተ ልጅ፣ በቃ፣ ውረድ፣ አምነንሃል» አለው። ሞያሌ ሳይገባ አልወረደም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሞያሌ በፊት አይወርድም።

ጋሼ፣ ላሳስብዎ አልፈልግም። ትንሽ ነገር ነው። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ይቀዳል። ባለፈው «ፊትሽ መሃል ላይ ምንድን ነው የቀባሽው?» አለኝ። ምንም አልቀባሁም። እማዬ ጠበል ትላለች። እኔ ግን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ ፀሐይዋን ማየቱን ያቁም ብሏል። ሌላም ብሎ ነበር፤ ብቻ ዋናው ይኼ ነው።

ላስቁመው? እኔ ተው ብለው «አባቴ ሂድ ያለኝን አንቺ ማን ነሽ የምትመልሺኝ» ይለኛል። ከእርስዎ አንድ ቃል ከመጣ ግን ዛሬውኑ ያቆማል። እባክዎ ይቺን ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ደሊልን ሳይጠብቁ፣ በማንም እጅ።

ቀጣዩ ካርቶን ደግሞ የሚከለክለው ዓይነት ይሁንልን። ዋጋው የፈለገ ይሁን።

ቢሊሴ

*

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢሊሴ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ዓቢይ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቶሎ የምመልስ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር መቸኮል አልወድም። ያንን ልጅ ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ሆዱን ነበር የታመመው። ኮሌጅ ሲገባ ራሱን። አሁን ደግሞ ዓይኑን። ሥራ በጀመረ ቁጥር አንድ አካሉ ይታመማል፤ እንዳያልቅበት ነው የምፈራው።

መነጽሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን ይኼ ሁሉ መጋዘን ታውሮ ነበር። ሐኪም ደግሞ ዕረፍት ካላዘዘ በምን ይኖራል?

አላስቆመውም። እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ የጀመርከውን ከተውክ እንደገና ልጅ የለኝም። ቪዛውንም ንገሪው፤ አሁን ወጥቷል ለማለት ይቻላል። የዓይኑን ወረቀት አሠርታችሁ ከፋሲካ በኋላ ላኩልኝ። የሚከለክለውን ዓይነት አልላክሁም፤ የሚገዛሽ አታገኚም።

ኃይለየሱስ

*

አዳማ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ኃይለየሱስ

እንደምን ከረሙ። እማዬ ሰላም ብላለች፤ ሌላ የምትልዎ ነገር አላት፤ እኔ አልጽፈውም።

የካቲት ላይ ሐኪሙ ያለውን ሙሉ ያልጻፍኩት ፈርቼ ነው። እንዲህ ነበር ያለው። የዓይኑ መሃል፣ የሰው ፊትና ፊደል የምናይበት ቦታ፣ በፀሐይ ተቃጥሏል። ዛሬ ካቆመ ግን የተወሰነው በጊዜ ሊመለስ ይችላል። «ዛሬ» ነው ያለው። እኔ ለእርስዎ ጻፍኩ። የጻፍኩት ለስለስ አድርጌ ነው። መልስዎ እስኪመጣ ድረስ ጠበቅሁ። እኔ ስጠብቅ እሱ ሞያሌ ሲመላለስ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እኔም መነጽር እየወለወልኩ አቀብለው ነበር፤ ገበያው ጥሩ ነበርና።

መልስዎ ሲመጣ እንዳለ አነበብኩለት። «እንደገና ልጅ የለኝም» የሚለውን ልዘለው ነበር፤ ድምፄ ሲቆራረጥ «ዝለይ አላልኩሽም» አለኝ። ቪዛውን ስነግረው ግን ጋሼ፣ ቢያዩት። ተነስቶ ሸሚዝ ቀየረ። እቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ ማንም ሳይኖር፣ ሸሚዝ ቀየረ። በማግስቱ ወደ ሞጆ የሄደው እየሮጠ ነው። «አባቴ ሲያየኝ ተኝቼ አያገኘኝም» ይላል፤ ከሻርጃ የሚያዩት ይመስል።

ባለፈው ሰኞ ለወረቀቱ ምርመራ ሄድን። ሰሌዳው ላይ ከሁሉ ትልቁን ፊደል አሳዩት። «የቱን?» አለ። ላይኛውን አሉት። «ከላይ ምንም የለም እኮ» አለ። ነርሷ እየቀለደ መሰላትና ሳቀች። ኋላ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ከእንግዲህ ያለፈው አይመለስም። ዳር ዳሩን ያያል፤ በር አይስትም፣ መንገድ ላይ መኪና ሲመጣ ያውቃል። ፊት ግን አያይም፣ አያነብም፣ መኪና አይነዳም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ቢሊሴ፣ ጆሮሽን ሳይ ፊትሽ ትንሽ ትንሽ ይመጣልኛል። ቆንጆ ጆሮ እንዳለሽ አላውቅም ነበር» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ለአባቴ እስካሁን አትጻፊ። መጀመሪያ እኔ ዘዴ ልፈልግ» አለኝ።

ዘዴ የለም። እኔ የፊዚክስ ምሩቅ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያዩ ሰው ነዎት። እሱ ብቻ ነበር የማያውቅ። ስለ ቪዛው ምን ልበለው?

ቢሊሴ

*

ሻርጃ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢሊሴ፣

ቪዛው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። መጋዘኑ ሁሉ የልጄን መምጣት ይጠብቅ ስለነበር ሐሳቡን ቀየረ ብያለሁ። እናንተም እንዲሁ በሉ። አይደውልልኝ።

እኔን ጥፋተኛ አድርገሽ ለእህቴ አታውሪ። የመረጥኩት የጠየቅሽኝን ነው፤ ከጥቁርም ጥቁር ብለሽ የጻፍሽው ወረቀት እጄ ላይ አለ።

ሁለት ካርቶን ደሊል ይዟል። የተነከረው ነው። ተገዝቷል፣ አይመለስም። ለመኪናው ሌላ ሾፌር ተገኘ። ለፀሐይዋም ሌላ ሰው ፈልጊ።

ኃይለየሱስ

*

አዳማ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ሁለቱም ካርቶን በደህና ደርሰዋል። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ ስላለብን ቶሎ ነው የተንቀሳቀስኩት። እንደነገሩኝም ሰው አግኝቻለሁ። ጋዲሳ ይባላል። አርሲ ነገሌ እህል ተራ ኩንታል ይሸከም ነበር፤ ወገቡን አሞት ቀላል ሥራ ሲፈልግ አገኘሁት። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ሳቅ ይችልበታል፤ ድምፁም ከቢኒያም ይሻላል።

ቢኒያም ራሱ ነው ያስተማረው። «አገጭህን ቀና አድርግ። ሰው ሲስቅ አትሳቅ። ዓይንህ ሲያለቅስ ሳቅ ነው በል» ሲለው ሰማሁ። ትናንት ጋዲሳ መነጽሩን ይዞ ቆም አለና «እኔ የምለው፣ ይኼ ነገር ዓይን አይጎዳም?» ብሎ ጠየቀ። ቢኒያም ወደ እኔ ዞረና ወደ ጆሮዬ እያየ ጠበቀ።

«ስቲከሩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው» አልኩት።

አንብቦ አጠለቀው። ዛሬ ጠዋት ጀምሯል። ለጊዜው እስከ መቂ ነው የሚሄደው፤ ይለምዳል። ጋሼ፣ ሁለት ካርቶን ስንጨርስ የሚከለክለውን ዓይነት መግዣ ይኖረናል፤ ያኔ ሁሉንም እናስተካክላለን። አንድ ዓመት ብቻ ነው። እንደዚህ ብዬ ነው ማታ የምተኛው።

ሌላው የምጽፍልዎ ይኼ ነው። ደሊል ሲመጣ ቢኒያም ግቢ ተቀምጦ ነበር። ድምፁን ለይቶ «ደብዳቤ አለ?» አለ። አለ አልነው። «አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። ወረቀትዎ ላይ ስሙ እንኳ እንደሌለ ያውቃሉ። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ፣ «ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለቢኒያም» ብዬ ጀመርኩ። ቪዛው በመንግሥት ሕግ ምክንያት እንደዘገየ አነበብኩለት። ዓይኑን እግዚአብሔር እንዲምርለት ሻርጃ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስእለት እንደገቡለት አነበብኩለት። ሞጆ ላይ በሠራው ሥራ እንደሚኮሩ አነበብኩለት። አባትህ ብዬ ጨረስኩ።

አገጩን እጁ ላይ አድርጎ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ «እስቲ ደግሚልኝ፤ ቀስ ብለሽ» አለኝ።

እንግዲህ ምን እንዳልኩ አልጻፍኩትም ነበር። እንደምንም እያስታወስኩ ጀመርኩ። ስእለቱን ረስቼ ስለ እናቱ አነበብኩለት፤ እናቱን ትመስላለህ፣ ናፍቀኸኛል ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ መሃሉ ላይ ስደርስ የሁለቱ ንባቦች አለመገጣጠም ለራሴም ተሰማኝ። ግን ማቆም አልቻልኩም፤ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

 እማዬ ልብስ ከምታሰጣበት ዘወር ብላ አየችን። ነፋሱ የወረቀቱን ጫፍ ከእጄ ሊያስጥለኝ ሲታገል ይሰማኛል። ቢኒያም ወደ ጆሮዬ ዞሮ፣

«የኋለኛው ይሻላል» አለኝ። «እሱን ያዢልኝ።»

ቢሊሴ